ከመተማ ዮሐንስ እስከ ፓሪስ፦ ፈረንሳይኛ «አንደኛ»ን እንዴት ይጽፋል?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይሰማና ቀስ እያለ ይወርዳል)

አቅራቢ፦ በመተማ ዮሐንስና በገንዳ ውኃ፣ ከወሰኑ ማዶ በገላባትና በገዳሪፍ ከተማ፣ በኡም ራኩባና በቱናይድባ የስደተኛ መጠለያዎች ሆናችሁ ለምትከታተሉን ሁሉ፣ ሳምንታዊው የቋንቋ ዝግጅት ተጀምሯል። ወረቀትና እርሳስ ያላችሁ አቅርቡ። የሌላችሁም አታስቡ፤ ዋና ዋናውን ነገር ደጋግመን እንለዋለን።

የዛሬው ርእስ ፈረንሳይኛ ነው። ከፈረንሳይኛም አንዲት ትንሽ ነገር፦ «አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ» የሚሉት ቃላት እንዴት ይነገራሉ? አጥረው በቁጥር ሲመጡስ እንዴት ይጻፋሉ?

«ገዳሪፍና ፈረንሳይኛ ምን አገናኛቸው?» የሚል አድማጭ ይኖራል። በገዳሪፍ ገበያ የሚሰማው ዐረብኛ፣ አማርኛና ትግርኛ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ከዚህ ተነሥተው ፈረንሳይ፣ ቤልጂየም፣ ስዊዘርላንድ ወይም የካናዳዋ ኬቤክ የደረሱ ወገኖች አሉ፤ ፋይላቸው ተከፍቶ ተራ የሚጠብቁም አሉ። ጎረቤታችን ጅቡቲም ከዐረብኛ ጋር ፈረንሳይኛን የመንግሥት ቋንቋ አድርጋለች። በኡም ራኩባና በቱናይድባ ስደተኞችን ያከመው ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት ራሱ በ1971 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፓሪስ ላይ የተመሠረተ ነው። እናም የዚህ ቋንቋ ወረቀት አንድ ቀን እጃችን ሊገባ ይችላል። ያን ቀን ከቁጥር ራስጌ የተሰቀለች አንዲት ትንሽ ፊደል እንዳታደናግረን ዛሬ እንወቃት።

(አጭር የክራር ድምፅ)

አቅራቢ፦ ከራሳችን ቤት እንነሣ። የመተማ ከተማ ለምን «መተማ ዮሐንስ» ትባላለች? መልሱን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ከመሐዲስቶች ጋር ተዋግተው በደረሰባቸው ቁስል የሞቱት እዚሁ፣ ሱዳኖች ገላባት በሚሉት ስፍራ ነው።

አሁን ጥያቄ። የንጉሡን ስም በወረቀት ስንጽፍ ከዮሐንስ ቀጥሎ ምን እናደርጋለን?

(ለአፍታ ዝምታ)

አዎን፣ «4ኛ» እንላለን። ዮሐንስ 4ኛ። በግዕዙ አካሄድ ሲሆን ራብዓዊ ዮሐንስ። ከእርሳቸው በፊት በዚያ ስም የነገሡ ሦስት ነበሩ፤ የመጀመሪያው፣ የአፄ ፋሲል ልጅ፣ ዙፋን ላይ የወጣው በ1667 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። እኚህ ስለዚህ አራተኛ ሆኑ። የቋራው ካሳም ሲነግሡ «ዳግማዊ ቴዎድሮስ» የተባሉት በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሌላ ንጉሥ ቴዎድሮስ ስለነበረ ነው።

እንግዲህ ፈረንሳያዊው የታሪክ ጸሐፊ ይህን ስም ሲያነብ ምን ይላል? «ዮሐንስ አራተኛ» ይላል ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። አይልም። «ዮሐንስ ካትር» ነው የሚለው። ካትር ማለት አራት ነው፤ አራተኛ አይደለም። ምኒልክንም «ምኒልክ ዶ» ይላቸዋል፤ ምኒልክ ሁለት እንደ ማለት። ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሲመጣ ግን አነጋገሩን ይለውጣል። «ኃይለ ሥላሴ አን»፣ ማለትም ኃይለ ሥላሴ አንድ፣ አይልም። «ኃይለ ሥላሴ ፕረሚዬ» ይላል። ፕረሚዬ አንደኛ ማለት ነው።

ለምን? አራተኛው «አራት» ሲባል አንደኛው ለምን «አንደኛ» ሆኖ ቀረ? ጥያቄውን ያዙልን፤ ቆየት ብለን እንመለስበታለን።

(ሙዚቃ፤ አሥር ሰከንድ)

አቅራቢ፦ በመጀመሪያ የቃላቱን አሠራር እንስማ። አማርኛ ሥራውን በአንድ ምዕላድ ይጨርሳል፦ በ«ኛ»። ሦስት፣ ሦስተኛ። አምስት፣ አምስተኛ። መቶ፣ መቶኛ። ፈረንሳይኛም የራሱ «ኛ» አለው፤ ድምፁ «የም» ይመስላል። ከእኛ ጋር ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ በሉ።

ሦስት፣ ትርዋ። ሦስተኛ፣ ትርዋዝየም።

ስድስት፣ ሲስ። ስድስተኛ፣ ሲዝየም።

አሥር፣ ዲስ። አሥረኛ፣ ዲዝየም።

ቀላል ነው። ጥቂት ቃላት ግን ጭራው ሲቀጠልባቸው መልካቸው ይለወጣል። ዘጠኝ «ኖፍ» ነው፤ ዘጠነኛ ሲሆን ግን «ኖፍየም» ሳይሆን «ኖቭየም» ይባላል፤ ፉ ወደ ቩ ዞረ ማለት ነው። በጽሑፍም እንዲሁ ይለወጣል። አምስት «ሳንክ»፣ አምስተኛ «ሳንክየም» ነው። ይህ በጆሮ ለውጥ የለውም፤ በጽሑፍ ግን መሐል ላይ አንዲት ዩ ትገባበታለች። አራት ደግሞ «ካትር» ተብሎ ሲጻፍ መጨረሻው ላይ ያለችው ኢ፣ «ካትርየም» ሲሆን ትወድቃለች።

ፊደሎቹን ሁላችንም በለመድነው በእንግሊዝኛ ስማቸው እየጠራናቸው ነው፦ ኢ፣ አር፣ ዩ እያልን። ፈረንሳዮች በሌላ ስም ይጠሯቸዋል፤ ወረቀት ላይ ግን ያው ፊደል ናቸው።

እንግዲህ ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ እያልን እስከ መቶኛና ሺኛ ድረስ ሁሉም ይህን ጭራ ይዘው ይሄዳሉ። አንደኛስ?

(ለአፍታ ዝምታ)

አንደኛ አይሄድም። «አን» የሚለው አንድ፣ አንደኛ ሲሆን ድምፁም ሥሩም ይጠፋና «ፕረሚዬ» የሚል ሌላ ቃል ይተካል። ሁለተኛ ደግሞ ሁለት ቃል አለው፦ ሕጉን የተከተለው «ዶዝየም» አለ፣ ሕጉን ያልተከተለው «ስጎን» አለ። ይህ ሁለተኛው ሲጻፍ መሐሉ ላይ ሲ ፊደል አለ፤ ሲነበብ ግን ጉ ሆኖ ይሰማል። ጥሩ ጸሐፊዎች ስጎንን የሚመርጡት ነገሩ ሁለት ብቻ ሲሆን፣ ሦስተኛ ሳይከተለው ሲቀር ነው። ግዴታ ግን አይደለም።

የመጀመሪያው ለብቻው መቆሙ የፈረንሳይኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። በገዳሪፍ ዐረብኛ የለመደ ጆሮ ይህን ወዲያው ይይዘዋል። በዐረብኛ አንድ «ዋሒድ» ነው፤ አንደኛው ግን «አወል» ይባላል። ግዕዝም «አሐዱ» ብሎ ይቆጥርና አንደኛውን «ቀዳማዊ» ይለዋል።

እስቲ አብራችሁን ፊደል ቁጠሩ። ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ። የኔታ ዘንድ የቆጠራችሁ፣ ትምህርት ቤት የተማራችሁ ሁሉ ይህን ታውቃላችሁ። ከሣልስ ጀምሮ ያሉት ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ፣ ስድስተኛ፣ ሰባተኛ ማለት ናቸው። አሁን የሱዳኑን ዐረብኛ ከጎኑ አስቀምጡት፦ ታሊት፣ ራቢዕ፣ ኻሚስ፣ ሳዲስ፣ ሳቢዕ። ዘመዳሞች መሆናቸውን ለመናገር የቋንቋ ሊቅ መሆን አያሻም፤ ጆሮ ይበቃል። ረቡዕና ሐሙስ የምንላቸው ቀኖችም አራተኛና አምስተኛ ማለት ናቸው፤ ቆጠራው ከእሑድ ይጀምራል። ከሰባቱ የፊደል ቤቶች ግን የመጀመሪያው ብቻ የቁጥር ስም የለውም። «ግዕዝ» ተብሏል።

አማርኛ ከእነዚህ ሁሉ ተለይቶ አንድንም እንደ ሌሎቹ «አንደኛ» ብሎታል። ይህ ተማሪን የሚያሳርፍ፣ የሚያምር ሥርዓት ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ አሁን ወደ አጻጻፉ። እርሳስ ያነሣችሁ፣ ተራው የእናንተ ነው።

በአማርኛ «አራተኛ»ን ስናሳጥር 4 ጽፈን ኛን እንቀጥላለን። ኛ ምንድን ናት? የአራተኛ የመጨረሻ ፊደል ናት። ማሳጠር ማለት እንግዲህ ግንባሩን በቁጥር ተክቶ ጅራቱን ማቆየት ነው። ፈረንሳይኛም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ትርዋዝየም ሲጻፍ የመጨረሻ ፊደሉ ኢ ነው። ስለዚህ 3 ይጻፍና በቀኝ ራስጌው ላይ ትንሽ ኢ ትሰቀላለች። 4 እና ኢ። 10 እና ኢ። 100 እና ኢ። አንዲት ፊደል ብቻ።

እንድገመው፦ ከሦስተኛ ጀምሮ ለሁሉም አንዲት ኢ ብቻ።

ብዙ ሰው፣ ፈረንሳዮችም ጭምር፣ ከ3 ቀጥሎ ኢ፣ ኤም፣ ኢ ብሎ ሦስት ፊደል ይደረድራል። በሱቅ ማስታወቂያ ላይ፣ በእጅ ጽሑፍም ሞልቷል። ይሁን እንጂ የፈረንሳይ አካዳሚና ጠንቃቃ ማተሚያ ቤቶች የሚመክሩት አንዲቱን ኢ ብቻ ነው። ሦስት ፊደል ጽፎ ያገኛችሁት ሰው ቢኖር ትርጉሙ ያው መሆኑን እወቁ፤ እናንተ ስትጽፉ ግን አጭሩን ያዙ።

አንደኛስ? የፕረሚዬ የመጨረሻ ሁለት ፊደሎች ኢ እና አር ናቸው። ስለዚህ 1 ይጻፍና ኢ አር ይሰቀላል። ይህ ለወንድ ነው። ለሴት ሲሆን ቃሉ «ፕረሚዬር» ይሆናል፤ መጨረሻውም አር ኢ ነው። 1 እና አር ኢ። ፊደሎቹ ቦታ ተለዋወጡ ማለት ነው። ለወንድ ኢ አር፤ ለሴት አር ኢ።

በአማርኛ «አንደኛው» እና «አንደኛዋ» ብለን ጾታን እንለያለን፤ ይህንንም እስከ ሺኛው ድረስ እናደርገዋለን። ፈረንሳይኛ በተራ ቁጥር ላይ ጾታ የሚለየው በፕረሚዬና በስጎን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ወንዱም ሴቱም አንድ ናቸው።

ይህን እንዳንረሳው ወደ ፓሪስ ኦሎምፒክ እንሂድ። ነሐሴ 2016 ዓ.ም.፣ የወንዶች ማራቶን። ማን አሸነፈ? ታምራት ቶላ፣ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ፣ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ። የፓሪስ ጋዜጠኛ ከስሙ ጎን 1 ይጽፍና ምን ይሰቅላል?

(ለአፍታ ዝምታ)

ኢ አር። ወንድ ነውና፣ ፕረሚዬ። በማግሥቱ የሴቶቹ ማራቶን ሆነ። አዳማ ተወልዳ ለኔዘርላንድስ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰን ቀደመች። 1 እና? አር ኢ፤ ፕረሚዬር። የእኛዋ ትዕግሥት አሰፋ በጥቂት ሰከንድ ተበልጣ የብር ሜዳልያ ወሰደች። 2 እና? እንደ ሦስተኛው ሁሉ ኢ ብቻ፤ ዶዝየም። ሦስቱን ሯጮች ያስታወሰ ሕጉን አይረሳም።

ለስጎን አጻጻፉ 2 እና ዲ ነው፤ ለሴት ስጎንድ ሲሆን 2 እና ዲ ኢ። አንዳንድ ቦታ ኤን ዲ ተብሎ ታገኙታላችሁ፤ እርሱም የተለመደ ነው።

(ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይወርዳል)

አቅራቢ፦ አሁን ወላጆች በተለይ ጆሯችሁን ስጡን። የሚቀጥለው ነገር ሰውን ያስደነግጣል።

አንዲት እናት ከገዳሪፍ ተነሥታ ከልጇ ጋር ፈረንሳይ ገባች እንበል። ልጁ እዚህ 8ኛ ክፍልን ጨርሷል። ዕድሜውና ደረጃው ታይቶ የምዝገባ ወረቀቱ ላይ 3 ከነኢዋ ተጻፈ፤ ትርዋዝየም። እናትየው «ሦስተኛ ክፍል» ብላ ታነበዋለች። ስምንት ዓመት የተማረ ልጇን ወደ ሕፃናት መልሰው ሊቀላቅሉት መሰላት! ልቧ ቢሰበር ይፈረድባታል?

አይፈረድባትም። ነገር ግን ልጇ አልወረደም። የፈረንሳይ ትምህርት ቤት ከአንደኛ ደረጃ በኋላ ክፍል የሚቆጥረው ወደ ታች ነው። አንደኛ ደረጃው አምስት ዓመት ነው፤ እነዚያ ክፍሎች በፊደል ምልክት እንጂ በተራ ቁጥር አይጠሩም። ከዚያ ተማሪው ሲዝየም ይገባል፤ 6 እና ኢ። በሚቀጥለው ዓመት ወደ 7 አይሄድም፤ ወደ 5 ይወርዳል። ከዚያ 4፣ ከዚያ 3። ቀጥሎ ስጎንድ፣ ቀጥሎ ፕረሚዬር፣ መጨረሻው ደግሞ ቁጥር የሌለው «ተርሚናል»፤ የባካሎሪያ ፈተና የሚጠናቀቅበት ዓመት ነው።

ለማስታወስ የሚረዳ ዘዴ እነሆ። የእኛ ክፍልና የእነርሱ ክፍል ሲደመሩ 12 ይመጣሉ። 6ኛ ክፍል የእነርሱ 6 ነው፤ ስድስትና ስድስት፣ አሥራ ሁለት። የእኛ 8ኛ የእነርሱ 4 ነው። የእኛ 9ኛ የእነርሱ 3 ነው። 10ኛ ክፍል ስጎንድ፣ 11ኛ ክፍል ፕረሚዬር፣ 12ኛ ክፍል ተርሚናል።

ስለዚህ 8ኛን የጨረሰው የዚያች እናት ልጅ ትርዋዝየም መግባቱ 9ኛ መግባቱ ነው። ልጁ ወደፊት ሄዷል! ይህ አቆጣጠር ለአገራችን ፍጹም እንግዳ አይደለም፤ በ1947 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በተከፈተው የአዲስ አበባው ሊሴ ገብረ ማርያም የተማሩ ኢትዮጵያውያን ሲቆጥሩበት ኖረዋል።

በድጋሚ፦ የእኛና የእነርሱ ክፍል ተደምሮ 12።

(አጭር የክራር ድምፅ)

አቅራቢ፦ አድራሻም ላይ ይህችው ኢ ትገኛለች። ፓሪስ በ20 ወረዳዎች ተከፍላለች፤ በእነርሱ አጠራር «አሮንዲስማን»። ብዙ ስደተኞች የሚያውቁት ፖርት ደ ላ ሻፔል ያለው በ18ኛው ውስጥ ነው፤ 18 እና ኢ፣ ዲዝዊትየም። የፖስታ ቁጥሩ 75018 ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ወረዳውን ይናገራሉ። ፎቅ ሲሆን ደግሞ እንደ እኛው ነው፦ ምድር ቤቱ አይቆጠርም፤ ከእርሱ በላይ ያለው 1 እና ኢ አር ይባላል። ደረጃ መውጣት ለሚያስቸግራቸው አረጋውያን ቤቱ ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደሆነ መጠየቅ አይከፋም።

ያስቀመጥነውን ጥያቄ እናንሣ። ዮሐንስ ለምን «ካትር»፣ ኃይለ ሥላሴ ለምን «ፕረሚዬ» ሆኑ?

የዛሬው ፈረንሳይኛ በነገሥታት ስምና በወር ቀኖች ላይ ለመጀመሪያው ብቻ «ኛ» ይሰጣል፤ ለቀሩት መቁጠሪያ ቁጥር ይበቃል። ድሮ ሁሉንም በ«ኛ» ይጠሩ ነበር፤ የዚያ ቅሪት ዛሬም አለ፦ ንጉሠ ነገሥት ሻርል አምስተኛን «ሻርል ካን» ይሏቸዋል፤ ካን የጥንት «አምስተኛ» ነው። አነጋገሩ ከጊዜ በኋላ ሲያጥር ሌሎቹ «ኛ»ቸውን ጣሉ፤ የመጀመሪያው ብቻ ይዞ ቀረ። የፈረንሳዩ ንጉሥ ፍራንሷ 1ኛ «ፍራንሷ ፕረሚዬ» ነው፤ ሉዊ 14ኛ ግን «ሉዊ ካቶርዝ» ነው፣ ሉዊ አሥራ አራት። ሲጻፍ በሮማ ቁጥር ይጻፋል፤ ከመጀመሪያው በቀር የምትሰቀል ፊደል የለችም።

ቀኖችም ይህንኑ ይከተላሉ። ሱዳን ነፃነቷን ያገኘችው በ1956 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በጃንዋሪ ወር የመጀመሪያ ቀን ነው። በፈረንሳይኛ «ፕረሚዬ ዣንቪዬ» ይባላል፤ 1 ከነኢ አሩ ይጻፋል። በ2023 በኤፕሪል 15 ካርቱም ላይ የተነሣው፣ ብዙዎቻችሁን ከገዳሪፍ ወደ መተማ ያሻገረው ጦርነትስ? «ካንዝ አቭሪል» ነው፤ አሥራ አምስት፣ ያለ ምንም ጭራ። የልደት ቀናችሁን ከወሩ ስም ጋር ስትጽፉ ይህ ይጠቅማችኋል፦ በ1 ቀን ከተወለዳችሁ ኢ አር ስቀሉ፤ በሌላ ቀን ከሆነ ቁጥሩን ብቻ ጻፉ።

ክፍለ ዘመን ግን ከዚህ ይለያል። በሮማ ቁጥር ተጽፎ ኢ ይሰቀልበታል፤ ሲነበብም በ«የም» ነው። የመተማው ጦርነት የተደረገው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ «ዲዝኖቭየም»። ኖፍ ወደ ኖቭ መዞሩን አስተዋላችሁ?

(ሙዚቃ ከሥር ይጀምራል)

አቅራቢ፦ ለሚቀጥለው ሳምንት ሦስት ጥያቄ እንተውላችሁ። አንደኛ፦ «ዳግማዊ ቴዎድሮስ»ን ፈረንሳያዊ እንዴት ያነባል? ሁለተኛ፦ 7ኛ ክፍል የምትማር ልጅ በፈረንሳይ ስንተኛ ትባላለች? ሦስተኛ፦ በሴቶች ውድድር አንደኛ ከወጣች ሯጭ ስም ጎን፣ ከ1 ራስጌ የሚሰቀሉት ሁለት ፊደሎች የትኞቹ ናቸው፣ በምን ቅደም ተከተል?

መልሱን ከቤተሰብ ጋር ተወያዩበት። በተለይ ልጆች ካሉ እነርሱ ይጻፉት፤ እናንተ ደግሞ አርሙላቸው። በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት መልሶቹን ይዘን እንመጣለን። እስከዚያው ደኅና ሰንብቱ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ ከፍ ይላል)